ከብርሃኑ ሥር የታየችው ነጥብ

ረይዱን እስከ ሃምሳ ዓመቷ ድረስ ወደ ሰማይ ቀና የምትለው የታጠበ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣና ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ስትገምት ብቻ ነበር። የመንደሯ የቴርንቪክ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው፤ ዓይኑ ባሕሩ ላይ፣ እጁ ዓሣው ላይ። በብርዱ ወራት ሌሊት የሚታየው የሰሜን ብርሃን ከተራራው ጀርባ ተነስቶ ሰማዩን በአረንጓዴ ሲያጥለቀልቀው አንዱ ለሌላው «ዛሬ ወጥቷል» ይልና መጋረጃውን ስቦ ወደ እራቱ ይመለሳል። ውጭ ቆመው የሚያዩት ልጆች ብቻ ናቸው። እነሱንም እናቶቻቸው እንዳያፏጩለት፣ ነጭ ጨርቅም እንዳያውለበልቡለት ያስጠነቅቋቸዋል፤ ከተቆጣ ወርዶ ይወስዳል ይባላል። ረይዱን ይህን ከእናቷ ሰምታ አደገች። አመነችውም አላመነችውም፣ በዕድሜዋ አንድ ቀን አፏጭታለት አታውቅም።

ሥራዋ በመንደሩ የዓሣ ፋብሪካ ነበር። ቢላዋ ይዛ የኮድ ዓሣ ሥጋ ከአጥንቱ ስትለይ ከወጣትነቷ ጀምሮ እዚያው ቆማ ኖራለች። ባሏ ለሥራ ብሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ነዳጅ ማውጫዎቹ ሄደና እዚያው ሌላ ጎጆ ቀልሶ ቀረ። አንዲት ልጇ ሩቅ ከተማ አስተማሪ ናት። ረይዱን ብቻዋን ትኑር እንጂ ብቸኛ ነኝ ብላ ስታማርር የሰማት የለም፤ ይልቅ በሳቋ ነው የምትታወቀው፤ ፋብሪካው በር ላይ ስትስቅ ወደቡ ላይ ይሰማል።

ካሜራው የመጣላት በሰው ስብራት ነው። አንድ ዓመት፣ ብርሃኑን ፎቶ ላንሳ ብሎ ከጀርመን አገር በመኪና የመጣ ሽማግሌ በሯ ላይ በረዶ አንሸራቶት ወደቀና የእጁ አንጓ ተሰበረ። ረይዱን አስገባችው፤ ዓሣውን ከነጉበቱና ከነእንቁላሉ ቀቅላ አበላችው፤ ልጁ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ሶፋዋ ላይ አስተኛችው። ሲሄድ ካሜራውንና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ትቶላት ሄደ። በአንድ እጅ አይሠራም፣ አንቺ ደግሞ ሰማዩ ደጅሽ ላይ ነው አላት።

መጀመሪያ ያነሳቻቸው ሁሉ ጥቁር ሆነው ወጡ። ቀስ በቀስ ለመደችው። የካሜራው ዓይን ተከፍቶ እንዲቆይ፣ ሰውም በዚያ መሀል ትንፋሹን ውጦ እንዲጠብቅ፣ ጥራቱም በአንድ ኮከብ ላይ እንዲስተካከል ተማረች። የካሜራው ባትሪ ብርድ ስለሚገድለው ትርፉን ብብቷ ውስጥ ትይዛለች። ከሁሉ በላይ ያወቀችው ግን ሰማይ ብቻውን ፎቶ እንደማይሆን ነው። ከሥሩ የሰው ቤት፣ ብርሃን ያለበት መስኮት ሲኖር ነው ትልቅነቱ የሚታየው። ስለዚህ ባሕሩ ወደ የብስ በሚገባበት በጠባቡ ሰርጥ ዙሪያ መኪናዋን እየነዳች ወደ ማዶ፣ ቋጥኙ ወደ ውኃ እንደ አፍንጫ ወደ ወጣበት ቦታ ትሄዳለች። ከዚያ ሆና ስታይ ቴርንቪክ ከነመብራቱ ፊት ለፊቷ ነው። የመንደሩ ሱቅ ባለቤት ሥዕሎቿን ግድግዳው ላይ ሰቀላቸው፤ ሰዎችም በገዛ መንደራቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን እንደኖረ ያዩት ያኔ ነው።

ማዶ ስትሄድ ማቆሚያውን የሚሸከምላት ሃልቫር ነበር። ሃልቫር የዕድሜ ልክ ጎረቤቷ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ ጀልባውን ሸጦ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁን የሚያሳርፍበት ያጣ። ምላሰኛ ነው። ከሱቁ በር እስከ ወደቡ ድረስ አንድ ሰው ሳይነካ አያልፍም። የመጀመሪያዋን ፎቶ ያሳየችው ቀን፣

«ዓሣ ስትዘለዝዪ ኖረሽ አሁን ደግሞ ሰማይ ልትዘለዝዪ ነው?» አላት።

«ዝም ብለህ ማቆሚያውን ያዝ። አንተም ለአንድ ነገር ጠቀምክ ይባላል» አለችው።

ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ይወጣል በተባለ ቁጥር አብረው ነበር የሚሄዱት። መንደሩ መጀመሪያ ትንሽ አማ፤ ከዚያ የሁለቱን መነታረክ ሲሰማ የሐሜቱ ጣዕም ጠፋበትና ተወው። የሃልቫር ሚስት ሞልፍሪድም ምንም አላለች። ሞልፍሪድ መቼም ብዙ አትናገርም። ከውኃው ዳር ካለው ቢጫ ቤታቸው መስኮት ሥር ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። መስኮቱ ላይ በገና የሚሰቀለውን የኮከብ መብራት እስከ ጥር መጨረሻ አታወርደውም፤ ረይዱን በብዙ ሥዕሎቿ ላይ ከሰማዩ ሥር የምታስገባው ያንን ኮከብ ነው።

ነገሩ የሆነው በጥር ነው። ፀሐይ ከተራሮቹ በላይ ብቅ ማለት ካቆመች ሰንብታለች፤ ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ሳይታጠብ ቀኑ ጨልሟል። መጸዉ ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ በመጨረሻ ብርዱ ገብቶ ሰማዩን ጠረገው። ትንበያው የዛሬው ብርቱ ነው ይል ነበር። ረይዱን ሃልቫርን ልትወስድ በራቸው ላይ ስትቆም ሞልፍሪድ ደጃፉ ድረስ ወጣች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ትቆዩ እንደሆነ ጠየቀቻት። ረይዱን ሰማዩ ከሆነ እንደሚቆዩ፣ ለእራት እንዳትጠብቃቸው ነገረቻት። ሞልፍሪድ ራሷን ነቀነቀችና ጓንትሽን እንዳትረሺ ብላ በሩን ዘጋች።

ማዶ ደርሰው ማቆሚያውን አቆሙ። ረይዱን ካሜራውን በራሱ እያከታተለ፣ አንዱን ጨርሶ ሌላውን እንዲያነሳ አደረገችው። ብርሃኑ ከተራራው ጫፍ እንደ ስስ ጭስ ጀመረ። ቆይቶ ጭሱ ወፈረ፤ መጋረጃ ሆኖ ተዘረጋ፤ መጋረጃው ተርገበገበ፤ ጫፉም ሮዝ ሆነ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ተቀደደ ማለት ይቻላል። በረዶው አረንጓዴ ለበሰ። የሁለቱ ጥላ መሬቱ ላይ አረፈ፤ ጨረቃ በሌለበት፣ ፀሐይም በሌለችበት። ረይዱን ስንት ዓመት ስታነሳው የራሷን ጥላ በእሱ ብርሃን አይታ አታውቅም። ሃልቫር እንኳ ዝም አለ።

ዝምታው ግን አልዘለቀለትም። ከኪሱ ነጭ መሐረብ አወጣና እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ያውለበልብ ጀመር።

«ተው፣ አስገባው» አለችው ረይዱን።

«ልጅ ሆኜ ስፈራው ኖሬ በጡረታዬም ልፍራው? እስቲ ይምጣ፣ ምን እንደሚወስድ አያለሁ።»

እየሳቀ ነበር። እሷም ሳቀች። ሁለቱም አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሽቅብ እያዩ ሳለ የቴርንቪክ መብራት በሙሉ ድርግም አለ።

ረይዱን ደስ አላት። መብራት ጠፋ፣ አሁን ሰማዩ ይጠራልኛል ብላ አሰበች፤ እንዲያውም ጮክ ብላ «እሰይ» አለች። ከዚያ ድምፁ መጣ። ብዙ የጭነት መኪናዎች በአንድ ላይ ጠጠር ሲደፉ የሚሰማ ዓይነት፣ ዝቅ ያለና የማያልቅ። ሃልቫር መሐረቡን እንደያዘ ጆሮውን አቀና። በሰርጡ ውስጥ የሚያልፈውን ሞተር ሁሉ በድምፁ የሚለይ ሰው ነው፤ «ይሄ ጀልባ አይደለም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ሽታ ደረሰ፤ በማረሻ የተገለበጠ እርጥብ አፈር ሽታ። መሬቱ እንደ ድንጋይ በደረቀበት በጥር ወር፣ ከውኃው ማዶ፣ አፈር ሸተታቸው። ረይዱን ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ መሽተት የማይገባው ነገር እንደሸተተ ብቻ ነው ያወቀችው።

ሃልቫር ስልኩን አውጥቶ ወደ ቤቱ ደወለ። አይጠራም። ደግሞ ደወለ። ከዚያ ምንም ሳይናገር በቋጥኙ ላይ ወደ ውኃው መውረድ ጀመረ። ታች የሰው ጀልባ ታስሯል፤ በእሱ ሊሻገር ነው። ረይዱን ተከትላው ሮጠች፤ በቀበቶው ያዘችው። ልቀቂኝ ብሎ ታገላት። ያን ጊዜ ውኃው ከዳርቻው ወደ ኋላ ሸሸ፤ ታይቶ የማያውቅ ጥቁር ድንጋይ ወጣ። ከዚያ ተመልሶ መጣ። ጀልባውንና የታሰረበትን የእንጨት መቆሚያ አንድ ላይ አንስቶ ቋጥኙ ላይ ፈጠፈጠው። ሁለቱ እስከ ጉልበታቸው ረጠቡ። ተቃቅፈው ቆሙ።

ከላያቸው ካሜራው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቀጭ እያለ ማንሳቱን አላቋረጠም። ሰማዩም አልደበዘዘም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው ከሁሉ የደመቀው።

ወጥታ ካሜራውን አቆመችው። ሥዕሎቹን ወደ ኋላ መመለስ ጀመረች። ማዶውን በዓይኗ ብታይ ጨለማ ብቻ ነበር። ካሜራው ግን ዓይኑን ከፍቶ የሚቆይ ስለሆነ በሰማዩ ብርሃን መሬቱን ከሰው ዓይን አብልጦ አይቶት ነበር። በመጨረሻዎቹ ሥዕሎች ላይ በረዶው አረንጓዴ ነው፤ ከመሀሉ ግን እንደ ተገመጠ ዳቦ የሆነ ጥቁር ጉድጓድ አለ። ከዚያ በፊት ባለው ሥዕል ላይ መብራቶቹ እንደ ዝናብ ጠብታ ወደ ውኃው ተጎትተዋል። ከእሱ በፊት ባለው ላይ ቢጫው ቤት ቦታው ላይ ነው። መስኮቱ ላይ ኮከቡ በርቷል።

ሃልቫር ትከሻዋ ላይ ተደግፎ አየ። ጣቱን ሰደደና ቤቱ ያለበትን ሥዕል፣ ቤቱ የሌለበትን ሥዕል፣ ቤቱ ያለበትን ሥዕል እያመላለሰ ተጫነ። እየደጋገመ ሲመልሰው ቤቱ የሚመለስ ይመስል ነበር።

ነጥቧን ያየችው ረይዱን ናት። ከቤቱ በላይ ወደ አውራ ጎዳናው በሚወጣው ቀጭን መንገድ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለች። ቀድሞ ባለው ሥዕል ላይ ነጥቧ ወደ ቤቱ ቀርባለች፤ በኋለኛው ላይ ከፍ ብላለች፤ ቀጥሎ የድሮው የበግ በረት ጋ ደርሳ ቆማለች። ሥዕሉን አጎላችው። ነጥቧ የእጅ ባትሪ ናት። ቤቱ በተጎተተበት ሥዕል ላይ ነጥቧ በረቱ ጋ ነበረች። ከዚያ በኋላ ጠፋች፤ ጥቁሩ ጉድጓድ ግን በረቱን ግማሹን ብቻ ነው የወሰደው።

«ሃልቫር፣ ውጭ ነበረች» አለችው። «ቤት ውስጥ አልነበረችም።»

በሰርጡ ዙሪያ እንዴት እንደነዳች አታስታውሰውም። መንደሩ መግቢያ ላይ ፖሊሶች መንገዱን ዘግተዋል፤ ከቤታቸው የወጡ ሰዎች በፒጃማና በጎማ ቦት ጫማ በረዶው ላይ ቆመዋል፤ የሚያለቅስ አልነበረም፤ እርስ በርስ ተያይተው ስም ይቆጥራሉ። የሄዱት ሦስት ቤቶች ናቸው። ሁለቱ በበጋ ብቻ ሰው የሚገባባቸው ባዶ ቤቶች ነበሩ። ሦስተኛው የሃልቫር ነው። የነፍስ አድን ሥራውን የምትመራው ቶርዲስ የምትባል ፖሊስ ሃልቫርን ክንዱን ይዛ ወደ መኪና ልታስገባው ሞከረች። ጀልባዎቹ ሁሉ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ጣሪያ ከብበው እየፈለጉ መሆኑን በለሆሳስ ነገረችው።

«እዚያ የለችም» አለች ረይዱን፤ ካሜራውን ፊቷ ላይ ያዘችላት።

ቶርዲስ መጀመሪያ በፎቶ ጊዜዋ የሚባክንባት መስሏት ፊቷ ተቀየረ። ከዚያ አየች። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አሳለፈች፤ ደግማ አሳለፈች፤ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ ነጥቧን አጎላች። ከዚያ ወደ ሬዲዮው ዞረች። ብዙም ሳይቆይ በተንሳፋፊው ጣሪያ ላይ ሲያንዣብብ የነበረ ሄሊኮፕተር ወደ በረቱ ዞረ። መሬቱ ገና እየተቆረሰ ስለነበር ማረፍ አልቻለም፤ አንድ ሰው በገመድ ወረደ። ሃልቫር መኪና አልገባም አለ። መንገዱ ላይ እንደቆመ መሐረቡን እጁ ውስጥ ጨምድዶ፣ ለሚያገኘው ፖሊስ ሁሉ ማውለብለቡን ይናገር ነበር። «እኔ ነኝ የጠራሁት፤ ምን እንደሚወስድ አያለሁ አልኩት» ይላል። ፖሊሶቹ እሺ፣ እሺ ይሉታል።

ሞልፍሪድ ከበረቱ ጣሪያ ከወደቀ ወራጅ እንጨት ሥር ተገኘች። አንድ እግሯ ተሰብሯል፤ ሰውነቷ ቀዝቅዟል፤ ግን በሕይወት አለች። የገመዱ ሰው በኋላ እንደተናገረው ስታየው ያለችው ቃል «አውቶቡሱ አለፈ?» የሚል ነበር። በብርዱ ትቃዣለች ብለው አለፉት።

የመንደሩ ሰው በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ፍራሽ ላይ ሰነበተ። ከከተማ የመጡ የመሬት ባለሙያዎች ነገሩን አስረዱ። ከቤቶቹ ሥር ያለው ሸክላ አፈር ጥንት የባሕር ወለል ነበር፤ ከዘመን ዘመን የዝናብ ውኃ ጨውን ሲያጥበው ኖሮ አፈሩ መያዣ አጣ፤ የመጸዉ ዝናብ ሲጨመርበት እንደ እርጎ ፈሰሰ። ጥፋተኛ የለም አሉ። ሰዎቹ አዳመጡ፣ ጥያቄም ጠየቁ። ከመካከላቸው ግን የሃልቫርን መሐረብ ወሬ ያላነሳ የለም። በቀልድ ነው የሚያነሱት፤ ግን ያነሱታል።

ረይዱን ሆስፒታል ሄዳ ሞልፍሪድን ስታያት አራተኛው ቀን ነበር። ሃልቫር አልጋዋ አጠገብ ሌት ተቀን ሲቀመጥ ሰንብቶ ነርሶቹ እንዲተኛ ሰደውታል። በኮሪደሩ ለሚያልፍ ሁሉ ሚስቱን ብርሃኑ እንዳተረፋት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ወጥታ የማታየውን ያን ቀን ልታይ እንደወጣች ሲያወራ ነበር የከረመው። ሞልፍሪድ ትራሷ ላይ ተደግፋ ረይዱንን አየቻት።

«ሻንጣው ተገኘ?» አለቻት።

«የምን ሻንጣ?»

«እንግዲያው ባሕሩ ወስዶታል።» ሞልፍሪድ ብርድ ልብሱን አስተካከለች። «ወደ እህቴ ልሄድ ነበር፤ ወደ ሃርስታ። በማታው አውቶቡስ።»

«ልትጠይቂያት?»

«ልኖር።»

ረይዱን የያዘችውን ብርቱካን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ተጣልታችሁ ነው ወይ አለቻት።

«የሚያጣላ ወሬ መቼ አለንና» አለች ሞልፍሪድ። «ወሬውን ሁሉ ሱቅ በር ላይና ወደብ ላይ ይጨርሰዋል። ቤት ሲገባ ባዶ ጆንያ ነው። ዝም ብሎ ይበላል፣ ዝም ብሎ ይተኛል። ሞቼ ብገኝ እንኳ ሹራብ እየሠራች ነው ብሎ የሚያልፍ ይመስለኛል።»

«ለምን ያን ቀን?»

«ትንበያውን እኔም አያለሁ፣ ረይዱን። ብርቱ ነው በሚባልበት ቀን ከአንቺ ጋር ይቆያል። ሦስት ጊዜ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ደመና አበላሸብኝ።»

ረይዱን ስንት ጊዜ ሰማዩ ይጥራልኝ ብላ ስትለምን፣ ከማዶ ባለው መስኮት ሌላ ሴት ያንኑ ስትለምን ነበር። ያንን ኮከብ ስንት ጊዜ ከሥዕሏ ሥር አስገብታዋለች፤ ከኋላው ሻንጣ ይታሰር እንደነበር ግን የሚያሳይ ካሜራ አልነበራትም። ሞልፍሪድ ቀጠለች። በረቱ ጋ ስትደርስ በረዶው አረንጓዴ ሲሆን አየች፤ ጥላዋ ከፊቷ ወደቀ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው ብላ ሻንጣዋን አስቀምጣ ቆመች። ሳትቆም ብትሄድ ኖሮ ናዳው ሳይነካት አውቶቡስ ማቆሚያው ትደርስ ነበር። ከቤት ባትወጣ ኖሮ ደግሞ ከቤቱ ጋር ትሄድ ነበር። «የቱን ላመስግን?» አለች።

ረይዱን ለሃልቫር ምንም እንዳትናገር አልተለመነችም፤ ራሷ ዝም አለች። ነገር ግን ሥዕሎቹን እሱም ይዟቸው ነበር፤ ወደ ስልኩ እንድትልክለት ለምኗት ልካለታለች፤ ቀን ከሌት ያያቸዋል። አንድ ከሰዓት ሦስቱም ሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ስልኩን አወጣ።

«ይሄ መንገድ ወደ ጎዳናው ነው የሚወጣው» አለ፤ ዓይኑን ከሥዕሉ ሳያነሳ። «ሰማይ ለማየትማ ደጃፍ ይበቃል። አንቺ ደግሞ ያለ ምክንያት በረዶ ላይ አትራመጂም። ወዴት ነበር የምትሄጂው?»

ረይዱን ተነስታ ልትወጣ ነበር። ሞልፍሪድ በእጇ ተቀመጪ አለቻት።

«ትቼህ ነበር የምሄደው» አለችው ለባሏ።

ሃልቫር ቀና አለ።

«ጠዋት ቁርስ ስንበላ እኮ ምንም አላልሽም።»

«አልጠየቅከኝም።»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቅሽ?»

«እሱን ነው የምልህ፣ ሃልቫር» አለች ሞልፍሪድ። ድምጿ አልከረረም፤ ለሕፃን የምታስረዳ ያህል ነበር።

ተነስቶ ወጣ። ጥቂት ቆይታ ረይዱን ስትከተለው ኮሪደሩ ጫፍ ያለው የቡና ማሽን ጋ ቆሞ አገኘችው። ከሥሩ ኩባያ አላደረገም። ቁልፉን እየተጫነ ቡናው በወንፊቱ ላይ ይፈሳል፤ ሲያልቅ ደግሞ ይጫናል። እጁን ይዛ አስቆመችው።

«እኔ የሄደብኝ ቤቱ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለ።

ሞልፍሪድ እግሯ ሲጠገን በክራንች ወደ ሃርስታ፣ ወደ እህቷ ሄደች። ሃልቫር አልተከተላትም፤ አልለመናትምም። ማዘጋጃ ቤቱ ባለበት ከተማ ለአዛውንቶች ከሚሰጡት ክፍሎች አንዱን ተቀበለ። የረይዱን ቤት ምንም ሳይሆን ቆሞ ቀርቷል፤ ነገር ግን ሰው እንዳይኖርበት ተከለከለ። የራሷን አልጋ በፖሊስ ታጅባ፣ ጊዜ ተቆርጦላት ገብታ አወጣች። አሁን ከሃልቫር ሁለት መንገድ ርቃ በኪራይ ትኖራለች።

ሥዕሎቹን ለፖሊስና ለመሬት ባለሙያዎቹ ሰጠች። ጋዜጠኞች ለመኗት፤ እምቢ አለች። ከሁሉ ያስደነገጣት ግን አንድ የቀን መቁጠሪያ አሳታሚ ነው። ሥዕሎቹን ከባለሙያዎቹ ገለጻ ላይ አይቷቸው ኖሮ ደወለላት። እንዲህ ያለ ሰማይ በዘመኑ አይቶ እንደማያውቅ ነገራት፤ የታችኛውን ክፍል ቆርጦ ላዩን ብቻ ሊያወጣው እንደሚፈልግ አስረዳት። በጣም ትሑት ሰው ነበር። ሊቆርጠው የሚፈልገው ቤቱን ነው፤ መንገዱን፣ በረቱን፣ ነጥቧን። ከዚያ ደግሞ ትዝ አላት፤ እሷም ያን ቀን መብራቱ ሲጠፋ እሰይ ብላለች። ሰውዬውን አልተቆጣችውም። አይሆንም ብላ ዘጋች።

ያን ዓመት ሙሉ ካሜራውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ብርሃኑ ሲወጣ ዓይኗ ወደ ላይ አይሄድም፤ ወደ ሰው ቤት መስኮት ነው የሚሄደው፤ ሁሉም መብራት እንዳለ ሳታረጋግጥ አትገባም። ልጇ በስልክ ሐኪም እንድታነጋግር መከረቻት፤ ሄደችም። ሐኪሙ ጊዜ ይፈልጋል አላት። እሷም ለሃልቫር እንዲሁ ነገረችው፤ እሱም ሐኪም ለዚህ ነው የሚከፈለው አለ። ከብዙ ወራት በኋላ የሰማችው የመጀመሪያው ቀልዱ እሱ ነው።

በቀጣዩ መጸዉ፣ ምሽቱ ዳግመኛ መጨለም ሲጀምር፣ ሃልቫር በሯን አንኳኳ። ማቆሚያው የት እንዳለ ጠየቃት፤ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ መሞቱ ነው አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ፣ ሁሉ ቋጥኝ በሆነ ኮረብታ ላይ ወጡ። መሬቱ ድንጋይ መሆኑን ረይዱን በእግሯ እየረገጠች አረጋገጠች። ካሜራውን ገጥማ ጥራቱን በአንድ ኮከብ ላይ ለማስተካከል ብዙ ጊዜ ፈጀባት።

ሃልቫር ከኋላዋ ስልኩን አወጣ። ለሞልፍሪድ ይደውላል፤ በየቀኑ ይደውላል። አንዳንዴ ታነሳለች፣ አንዳንዴ አታነሳም። ያን ቀን አነሳች። ረይዱን ጀርባዋን ሰጥታ ብትቆምም ትሰማዋለች። ስለ ሰማዩ ምንም አላወራም። እግሯ በደረጃ ላይ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት። ከእህቷ ጋር ምን በልተው እንደዋሉ ጠየቃት። ጠይቆም ዝም ይላል፤ ከሃርስታ መልሱ እስኪመጣ ድረስ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጥብቅ አድርጎ ይዞ።